ሳይመሽ የሚሄደው አሰልጣኝ

ሐይቅ ከተማ የሜዳ ቴኒስ አስተምር ነበር ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ከተማችን በዓሣዋና በገዳሟ ትታወቃለች እንጂ በቴኒስ ማን ያውቃታል። ኮሌጃችን ግን አንድ የቴኒስ ሜዳ ነበረው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ቀይ አፈር ተደልድሎ የተሠራ ነው። መስመሩን በኖራ እናሰምራለን። መረቡን የሠራነው ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን አሮጌ መረብ ደራርበን በመስፋት ነው፤ ፀሐይ ሲበረታበት የዓሣ ሽታው ይነሳል። የራኬት ክር ሲበጠስም መፍትሔው ያው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነበር።

እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ነው ያረጀሁት። ስፖርት የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ ሻሽ ያሰረች የወሎ ልጅ ራኬት ይዛ ስትሮጥ ማየት ያኔ ለብዙዎቹ እንግዳ ነገር ነበር። ወደ አገሬ ተመልሼ ኮሌጁ ሲቀጥረኝ ቴኒስ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሜዳው የእኔ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቁ መምህራን ሲመጡ እነሱን ማላመድ የእኔ ሥራ ሆነ። ጀማሪ መምህር ለአንድ ዓመት ነባር መምህር ይመደብለታል። ነባሩ ሲያስተምር ያየዋል፣ ይመክረዋል፣ ያርመዋል፣ ዓመቱ ሲያልቅ በቅቷል ወይም አልበቃም ይላል።

የምነግራችሁ ልጅ የመጣው የሚሊኒየሙ ግርግር ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሁለት ሆነው ነው የመጡት። አንዷ የደሴ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ድምፅዋ ከሜዳው አልፎ መንገድ ድረስ የሚሰማ። እሱ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ቀጠን ያለ ረጅም፣ ሲያናግሩት ፊት ለፊት ትክ ብሎ የሚያይ። አባቱ መሪጌታ መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሜዳው ላይ አቆምኳቸውና፣ «ቴኒስ ትችላላችሁ?» አልኳቸው።

«ሕጉን አሳምረን እናውቃለን» አለች ልጅቷ።

«እኔ ራኬት የያዝኩት ለፈተና ብቻ ነው፣ ቲቸር» አለ እሱ። «ግን ካሳዩኝ እማራለሁ።»

መልሱን ወደድኩለት። የሚመጡት ሁሉ የማያውቁትን እናውቃለን እያሉ ነበር የሚያደክሙኝ።

ለሁለቱም ያስተማርኳቸው ብዙ አይደለም። ኳሷን ትታችሁ የተጫዋቹን እግር እዩ አልኳቸው፤ ኳስ የምትበላሸው እጅ ላይ ሳትደርስ እግር ላይ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ስህተት ብቻ አርሙ፣ ሦስት ነገር የተነገረው ልጅ አንዱንም አይሠራም። አትጩሁ። ሰልጣኙ ከሰፈሩ ምን በልቶ እንደመጣ ሳታውቁ ለምን ደከምክ አትበሉት። ከዚያ በመስመሩ ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሲያሠለጥኑ አያለሁ፤ ሲጨርሱ እስከ አስፋልቱ አብረን እየሄድን ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።

ልጅቷ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ትጮሃለች፣ ትጣደፋለች፣ ተጫዋቹ ሳይጨርስ ታቋርጠዋለች። እሱ ግን ለሥራው የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሜዳው ጥግ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ይቆማል። ሰልጣኞቹን ሁሉ ከፊቱ ያደርጋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በየተራ ይጠራቸውና አንዲት ነገር ይነግራቸዋል። የነገረው ልጅ ወዲያው ይስተካከላል።

«አቋቋሙን እይ» እላታለሁ ልጅቷን። «አንቺ መሃላቸው ገብተሽ ትጠፊያለሽ። እሱ ሁሉንም ከፊቱ ያደርጋል።»

እሱ ይህን ስል አንገቱን ይደፋል። የትሕትና መስሎኝ ነበር።

ሌላም ሌላም ነገር ነበር። ሜዳው ላይ የተበተነ ኳስ ይረግጥና ይወድቃል፤ ተነስቶ አቧራውን እያራገፈ ይስቃል። ከጎኑ ቆሜ የውሃ ብርጭቆ ስዘረጋለት አይቀበለኝም፤ ስናገር ነው ዞር ብሎ የሚወስደው። አንድ ቀን ዲኑ ጠርተውኝ፣ «ይህ ልጅሽ ኩራተኛ ነው» አሉኝ። ኮሪደር ላይ ራሳቸውን ነቅንቀው ሰላም ቢሉት ዝም ብሎ አልፏቸዋል። «ሰው አይንቅም፣ ዓይን አፋር ነው» ብዬ ተከራከርኩለት።

የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ይቸኩላል። ኳሶቹን ያሰበስባል፣ ራኬቶቹን ይቆልፋል፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ሳትገባ ቤቱ ነው። መምህራኑ ሻይ እንጠጣ ሲሉት ሄዶ አያውቅም። ልጅቷ፣ «ሚስት ደብቆ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ላይ የኮሌጆች ውድድር ደሴ ይደረጋል ተባለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቴኒስ ገባበት። ዲኑ ደስ አላቸው፤ ልምምዱ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እስኪጨልም ይሁን ብለው ወሰኑ። ልጁ ያን ቀን ቢሮዬ መጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ጠዋት ላሠልጥናቸው። ከክፍል በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ እመጣለሁ።»

«ጠዋት ክፍል አላቸው፤ ግማሾቹ ከአርዲቦ በኩል በእግር ነው የሚመጡት» አልኩት። «ግን እጠይቅልሃለሁ።»

ጠየቅሁ። ዲኑ አልፈቀዱም። ስነግረው «እሺ» ብሎ ወጣ። ምክንያቱን አልነገረኝም።

ከሰልጣኞቹ ሁሉ የተሻለችው አንዲት ግራኝ ልጅ ነበረች። እናቷ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ፣ ስትሸነፍም የምትስቅ ልጅ ናት። ዋንጫ ካገኘን በእሷ ነው የምናገኘው እንባባል ነበር።

አንድ የልምምድ ቀን ደመና ነበረ። ሜዳው ከሌላው ቀን ቀድሞ ጨለመ። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የደሴዋ ልጅ ወዲያ ማዶ ሌሎቹን ታሠለጥናለች። እሱ ለአንድ ልጅ ኳስ እንዴት እንደሚመታ ያሳያል። «ክንድህን ከኋላ ጀምረህ አምጣው፣ እንዲህ» ይላል። ግራኟ ልጅ ከቀኙ በኩል ኳስ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ገባች። አየኋት፤ እሱም ያያታል ብዬ ነበር፣ ክንዱ ሊደርስ እስከሚችልበት ድረስ ቀርባዋለችና። አላየም። ራኬቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ወደፊት አመጣው። የራኬቱ ጠርዝ አፏ ላይ አረፈ።

ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ቁጭ አለች። ከዚያ ደሙ መጣ።

«ምን መታሁ?» አለ እሱ። ራኬቱን ጣለ። «ምንድን ነው የመታሁት? ማን ናት?»

ልጅቷ ከእግሩ ሥር ናት። እሱ ተንበርክኮ መሬቱን ይዳስሳል። አንድ ኳስ አገኘ፣ ጣለው። ጫማ አገኘ፤ የሌላ ልጅ ጫማ ነበር። «የት ናት?» ይላል። «የት ናት?»

ሰልጣኞቹ ቆመው ያዩታል።

የደሴዋ ልጅ ከወዲያ ማዶ ሮጣ መጣች። ተማሪዋን አቅፋ አነሳቻት፤ በሻሿ አፏን ይዛ ወደ መንገዱ ይዛት ሮጠች። ባጃጅ አስቁማ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ሁለት የፊት ጥርሶች ከሥራቸው ወጥተዋል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

እኔ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ክንዱን ያዝኩት። ሲጨብጠኝ ያኔ ገባኝ። ሰው እንዲህ አጥብቆ የሚይዝሽ የሚረግጠውን ሳያይ ሲቀር ነው።

«ሄዳለች፣ ወስደዋታል» አልኩት። «ተነስ።»

ከሜዳው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጉድጓድና ሥር የበዛበት ነው። መንገዱን ሙሉ ክርኔን ይዞ ሄደ። «ቲቸር፣ አይልቀቁኝ» አለኝ አንድ ጊዜ። ከቤቱ በር አድርሼው ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

በማግስቱ በጠዋት ቤቴ መጣ። አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወንበር ሰጠሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከልጅነቴ። ሲመሽ አላይም ነበር። እኛ ዘንድ ዳፍንት ይሉታል። እናቴ ጉበት ታበላኝ ነበር።» ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገና ቀስ እያለ ወደ ጎን ከፈታቸው። ብዙም ሳይከፍት አቆማቸው። «አሁን ቀንም እስከዚህ ድረስ ነው ያለኝ። ከዚህ በኋላ የለም።»

«ጥቁር ነው?»

«ጥቁር ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር። የለም በቃ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ስፖርት መረጥክ?» አልኩት። ቁጣዬ በድምፄ ውስጥ ይሰማኛል፤ ያቺ ልጅ ከንፈሯ ሲሰፋ እጄን ይዛ ነበርና።

መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። የአባቱ ወንድም ዓይነ ስውር ናቸው። በልጅነታቸው እንደሱ ሲመሽ አያዩም ነበር። ጎልማሳ ሳይሆኑ ዓይናቸው ጠፋ፤ የኖሩት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሆነው ዜማ በማስተማር ነው። መንደሩ ሁሉ እሳቸውን እያሳየ አንተም እንደሳቸው ትሆናለህ ሲለው ነው ያደገው። አባቱም ዜማ ቤት ሊያስገቡት ፈልገው ነበር።

«ዜማ ቤት ከገባሁ መታወሬን የተቀበልኩ መሰለኝ» አለ። «ከዚያ የራቀ ነገር ፈለግኩ። ሩጫ፣ ኳስ። ዓይኔን ካሠራሁት አይሄድም ብዬ አስብ ነበር፣ ቲቸር። ልጅ ነበርኩ።»

«አሁንስ ልጅ ነህ?»

ሻይ ቀዳሁለት፤ ብርጭቆውን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩለት።

በዚያው ሳምንት ደሴ ይዤው ሄድኩ፤ የዓይን ሐኪም አየው። በኋላ አዲስ አበባም ይታይ ብለው ላኩት፤ እዚያ ብቻውን ሄደ፣ የነገሩት ግን ደሴ የሰማነውን ያንኑ ነው። የደሴው ሐኪም ወጣት ነበር፣ ገና የጀማሪ ትሕትና ያለበት። ዓይኑን በብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲመረምር ቆየና፣ «ከኋላ በኩል ያለው የዓይን ክፍል እየሞተ ነው» አለ። «ከዘር የሚመጣ ነው።»

«መነጽርስ?» አልኩ እኔ።

«አይረዳውም።»

«ኦፕሬሽንስ?» አለ እሱ።

«የለውም፣ ወንድሜ። ስንት ዓመት እንደሚያቆይህም ልነግርህ አልችልም። ምንድን ነው ሥራህ?»

«አሰልጣኝ ነኝ።»

«የምን?»

«የቴኒስ።»

ስንወጣ ሐኪሙ እስከ በሩ ሸኘን።

በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ተመለስን። ሐይቁ ከታች ብቅ ሲል፣ «እስከ ውድድሩ ድረስ ብቻ ይታገሱኝ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ራሴ እለቃለሁ። ልጆቹን እስከዚህ አድርሻቸዋለሁ።»

ልቤ ራርቶለት ነበር። ሆኖም አይሆንም አልኩት። «አንዲት ልጅ ጥርሷን አጥታለች። ከእንግዲህ ራኬት ይዘህ ልጆች አጠገብ አትቆምም። ዲኑ ዘንድ ሄደህ ራስህ ተናገር። እኔ አብሬህ እገባለሁ።»

«ካልተናገርኩስ?»

«እኔ እናገራለሁ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ተናገረ። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲሰሙ ደነገጡ፤ ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ያለፋቸውን ነገር አስታውሰው መሰለኝ ፊታቸውን አሻሹ። ግን ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሲቀጠር ጤነኛ ነኝ ብሎ ነው፣ አሉ። የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። የሥራ መደቡ አሰልጣኝ ነው የሚለው።

«የስፖርት ሕግ ያስተምር፣ የስፖርት ታሪክ ያስተምር» አልኳቸው። «እኔ ካየኋቸው ጀማሪዎች እንደሱ የሚያስረዳ የለም።»

«አንቺ አማካሪው ነሽ። በቅቷል ብለሽ ትፈርሚለታለሽ?»

«በማስረዳቱ አዎ።»

«ሜዳ ላይስ?»

እሱ ከጎኔ ተቀምጧል። «ሜዳ ላይ አልበቃም» አለ ራሱ። ወሩ ሳያልቅ አሰናበቱት።

አባቱ ከአምባሰል መጡ። ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራ ይዘው፣ ከሚናገሩት ዝም የሚሉት የሚበዛ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ የተማሪዋን እናት ይቅርታ ሳይጠይቅ አገሩ አይገባም አሉኝ። እኔ እናቲቱን ስለማውቃት ይዣቸው ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ጭቃው ላይ ልጁን አባቱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ይዘነው ነው የገባነው።

እናቲቱ እንግዳ እንደምትቀበለው ተቀበለችን። መደብ ላይ አስቀመጠችን። ተማሪዋ ጥግ ላይ ሻሿን ወደ አፏ ስባ ተቀምጣለች። መሪጌታው በፈጣሪ ስም ይቅርታ ጠየቁ። እናቲቱ እሳቸውን በአክብሮት ሰማቻቸውና ወደ ልጁ ዞረች።

«ማየት እንደማትችል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ልጄ አጠገብ ቆምክ?»

ጠበቀችው። እኛም ጠበቅነው።

«አፉ ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ግን ከእንግዲህ ደጄን አትርገጥ።»

ስንወጣ ተማሪዋ ቀና ብላ አየችው። እሱ በር በሩን እያየ ነበር፤ አላያትም።

መኪና እስኪመጣ አስፋልቱ ዳር ቆምን። መሪጌታው ልጃቸውን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ዓይን የማይጠይቅ ትምህርት እኔ ዘንድ ነበረ» አሉኝ። «ወንድሜ ሳያይ ነው መምህር የሆነው። ይህን እየነገርኩት ሸሸኝ።»

«ፈርቶ ነው፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ። እኔም ወንድሜን ባየሁ ቁጥር ለልጄ እፈራ ነበር።»

ልጁ ይሰማል፤ ሦስት እርምጃ እንኳ አይርቀንም። መኪናው ሲመጣ አቅፌ ተሰናበትኩት። «አብሽር» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል። «እሺ ቲቸር» አለኝ።

ለውድድሩ ከደሴዋ ልጅ ጋር ሰልጣኞቹን ይዘን ደሴ ሄድን፤ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። ግራኟ ልጅ አልመጣችም። ልምምዱንም ከተመታችበት ቀን ጀምሮ ትታዋለች፤ በዓመቱ ትምህርቱንም አቋርጣ ከእናቷ ጋር ገበያ መዋል ጀመረች። የኮሌጁ አስተዳደር ለሕክምናዋ ትንሽ ረድቷል፤ ጥርስ ለማስተከል የሚበቃ ግን አልነበረም።

የደሴዋ ልጅ ከዚያ በኋላ ጩኸቷን ተወች። እኔ የማልወደውን ነገር እንዲህ ባለ መንገድ ትተወዋለች ብዬ አልተመኘሁም። ልምምድ ከመጀመሯ በፊት ሜዳውን ዙሪያውን ትዞራለች፣ ማን የት እንደቆመ ታያለች፣ ከዚያ ትጀምራለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ እኔ አብሬው ነበርኩ። በሱ ላይ ሳቅሁ፣ ሚስት ደብቆ ነው አልኩ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ትቸኩላለህ ብዬ በቁም ነገር አልጠየቅሁትም።»

«ብትጠይቂው አይነግርሽም ነበር።»

«ይሆናል» አለች። አላመነችኝም።

ጥሩ አሰልጣኝ ሆና ነበር። ሁለት ዓመት ያህል አብረን ሠራን፤ ሜዳውን ለእሷ ትቼ ጡረታ እወጣለሁ እያልኩ አስብ ነበር። ኮሌጁ ግን ተጨማሪ መማሪያ ክፍል መሥራት ነበረበት፤ ባዶ የመሰላቸው ቦታ የቴኒስ ሜዳው ነው። ሲሚንቶና ብረት መጥቶ ላዩ ላይ ተራገፈ። እሷ ያን ክረምት በደላላ በኩል ዓረብ አገር ሄደች። ዲግሪዋን ይዛ ሰው ቤት ልትሠራ። ከሄደች በኋላ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች፤ ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ደሴ ያሉ ቤተሰቦቿም ከዚያ በላይ የሚያውቁት የላቸውም።

ልጁን ለማየት አምባሰል ሄጃለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ ሄጃለሁ፤ የምነግራችሁ የመጨረሻውን ነው። ከአስፋልቱ ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ገደሉ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ማሽላ የተዘራበት አገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ከቦታል። ከቅጥሩ ውጭ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ አላቸው፤ እሱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሱ በብዙ የሚያንሱ ልጆች መሃል ተቀምጦ ዜማ ያጠናል። አጎቱ ሞተዋል፤ የሚያስተምሩት አባቱ ናቸው።

«እንደምን ዋላችሁ» ስል ቀና አለ። ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፤ አልያዘኝም ግን። አሁን የፊት ለፊት ማየቱም ሄዷል። «ቲቸር ነዎት» አለ። ከልጆቹ መሃል ተነስቶ፣ እጁን ዘርግቶ እየዳሰሰ ወጣ። የዛፍ ሥር ላይ ተቀመጥን።

«ትምህርቱስ?» አልኩት።

«አይገባኝም» አለኝ። «እነሱ አንድ ጊዜ ሰምተው ይይዙታል። እኔ ሳምንት ደግሜው እንኳ ጠዋት ስነሳ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። በልጅነቴ ብገባ ኖሮ ይያዝልኝ ነበር ይላል አባቴ። አርጅቻለሁ ለዚህ።»

ሠላሳ ዓመትም አልሞላውም።

«ግሸን ወሰዱኝ» አለ ቀጥሎ። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይሄድ። ከመኪና ወርደን ያን ሁሉ መንገድ በእግር። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ላይ እያየ እልል ይላል። እኔ የማየው የፊቴን ሰው ተረከዝ ነበር፤ እንዳልወድቅ። ከላይ ስንደርስ አባቴ አለቀሰ። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም።» «ይህን ለሱ እንዳይነግሩት» አለ።

«አልነግርም።»

ልጆቹ ከወዲያ ድምፃቸውን አንስተው ያጠናሉ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። እሱ ራሱን ወደዚያ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። «ያ ትንሹ ትንፋሹን ቀድሞ ነው የሚጨርሰው» አለኝ። «ቀስ ብሎ ቢጀምር ይደርስ ነበር።»

«ንገረው እንጂ።»

«እኔ ተማሪ ነኝ፣ ቲቸር። ማን ይሰማኛል።»

ከዚያ እንደሚጠይቀኝ የማውቀውን ጠየቀኝ። «ልጅቷስ?»

መንገዱን ሙሉ የምመልሰውን ሳስብ ነበር የመጣሁት። እሱን ላሳርፈው ብዬ ጥርሷን አስተክላለች፣ ተመርቃ ሥራ ይዛለች ልለው አስቤ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን መዋሸቱ አልሆነልኝም። ከኮሌጁ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ትድናለህ እያለ ሲዋሸው ኖሯል።

«ትምህርቷን ትታለች» አልኩት። «ገበያ ላይ ከእናቷ ጋር ናት። አግብታለች። ስትስቅ አሁንም አፏን በሻሿ ትሸፍናለች።»

ራሱን ነቀነቀ። «አመሰግናለሁ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ የሜዳውንም፣ የደሴዋንም ልጅ አልጠየቀም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

እናቱ መጥታ ቤት ካልገባሽ ብላ ይዛኝ ገባች፤ ቅንጬ አቀረበችልኝ። መሪጌታው ከቅዳሴ መልስ ደረሱና አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው አወሩኝ። ልጁ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ደመናው ሲከብድ፣ «መንገዱ ይጨቀያል፣ ቲቸር፣ አሁን ይነሱ» አለኝ። አባቱ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። እሱ ልምጣ አላለም።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፤ ጉልበቴ ዳገቱን አይችልም። ከወገኑ የመጣ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ። እዚያው ነው አሉኝ፤ አባቱ ደክመዋል፤ እሱም ከተማሪዎቹ ጋር መቀመጡን ትቶ ቤት ይውላል።